ሲስተር ዘሀራና የአጎቴ በሬ

የሲስተር ዘሀራን ሞት የሰማሁት ከተቀበረች ከሁለት ወር በኋላ ነው። ብቸና ላይ የስልክ መስመር ጠፍቶ ከርሞ ነበር። በተመለሰ ዕለት ጠዋት ስልኬ ያጠራቀመውን መልእክት ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲያዘንበው፣ ከመካከሉ ሞጣ አብራት ትሠራ ከነበረች ልጅ የተላከ አንድ አጭር ነገር አየሁ። «ሲስተር ዘሀራ ዛሬ አርፋለች። ለምታውቋቸው ሁሉ ንገሩ» ይላል። «ዛሬ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት። እሷ ከሞተች በኋላ ሁለት ወር ሙሉ በሕይወት እንዳለች ሰው ሳስባት፣ መንገዱ ሲከፈት ሄጄ አያታለሁ እያልኩ ስዝት ነበር የከረምኩት።

ሲስተር ዘሀራ ነርስ አልነበረችም። የመሥሪያ ቤታችን የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነበረች፤ ሥራዋ ሆቴሉን፣ ሥጋ ቤቱን፣ የውኃ ጉድጓዱንና መፀዳጃ ቤቱን መቆጣጠር ነው። የብቸና ሰው ግን በጤና ሥራ ላይ ያለችን ሴት ሁሉ ሲስተር ስለሚል ሲስተር ሆና ቀረች። የመጣችው ከወሎ፣ ከሐይቅ ነው። እኔ ያን ጊዜ ከኮሌጅ ከወጣሁ ዓመት ያልሞላኝ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሷ ባሥር ዓመት ትበልጠኛለች። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት «እንዲህ የምታስረጀኝ ምን ባደርግህ ነው?» ብላ ስለተቆጣችኝ «አንቺ» አልኳት።

ረጅምና ቀጭን ነበረች፤ ስትራመድ አብሯት የሚሄድ ሰው መሮጥ አለበት። ባጃጅ ላይ ስትወጣ አይቻት አላውቅም። በቦርሳዋ ውስጥ በባዶ የቫዝሊን ቆርቆሮ የያዘችው ሳሙናና አፍልታ ያቀዘቀዘችው ውኃ አይጠፋም። ምሳ ሰዓት እኛ ጥብስና ለስላሳ ፍለጋ ስንወጣ እሷ ከቤቷ ያመጣችውን ምስርና ጎመን ታወጣለች፤ ካሮት በጥሬው ትቆረጥማለች። ከኛ አንዱ «ሲስተር፣ ጥንቸል ሆንሽ እኮ» ቢላት «ጥንቸል ስኳር በሽታ ሲይዘው አይተህ ታውቃለህ?» ትለዋለች፤ ሳትስቅ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ትወጣለች። ለራሷ አስቤዛ ልትገዛ ነው፤ ግን እሷ አስቤዛ ስትገዛ ገበያው ትምህርት ቤት ይሆናል። ጎመኑን አንሥታ አንዷን ቅጠል ትሰብራለች። ቀጭ ካለላት ትገዛለች፤ ጠውልጎ ከተጣጠፈባት ትመልሳለች። ቆዳው አረንጓዴ የሆነ ድንች ካየች «ይሄ ፀሐይ የመታው ነው፣ ለዘር ይሁን እንጂ ለሰው አይሽጡት» ብላ ለብቻ ታወጣዋለች። እንቁላሉን በጣሳ ውኃ ውስጥ ትከተዋለች፤ የሰጠመውን ወስዳ የተንሳፈፈውን ትተዋለች። በርበሬውን ቆንጠር አድርጋ ብርጭቆ ውኃ ላይ ትበትንና ቁጭ ብላ ትጠብቃለች፤ ቀይ አፈር ከሥር ሲዘቅጥ ብርጭቆውን ከፍ አድርጋ ለሻጯም ለገዢውም ታሳያለች።

አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ነጋዴ ምርር ብሏቸው «አንቺ ልጅ፣ ልትገዢኝ ነው ልትመረምሪኝ?» አሏት።

«ሁለቱንም፣ እማማ። መጀመሪያ ልመርምር፣ ከዚያ ልግዛ።»

መረመረች፤ የአሮጊቷ በርበሬ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለአገኘችው ሁሉ «በርበሬ ከእማማ ግዙ» እያለች እንደ ደላላ ትሰብክላቸው ነበር። ሴቶቹን ስታስተምር የምትላት አንድ ነገር ነበረቻት። «መጀመሪያ ዓይንሽ ይግዛ፣ ቀጥሎ አፍንጫሽ ይፈርም፣ አፍሽ መጨረሻ ይምጣ።»

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉ አይወዳትም ነበር። ክፉ ጠባይም ነበረባት፤ ስትናገር አታለዝብም። አንድ ጊዜ አንዲት ሆቴል ቤት ያደረ ወጥ አግኝታ እንግዳ ሁሉ እያየ ድስቱን እደጅ አውጥታ ደፋችው። ባለቤቷ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። በኋላ ስንመለስ «ለብቻ ጠርተሽ ብትነግሪያት ምን ነበር?» አልኳት።

«ለብቻ እስክጠራት ስንት ሰው ይጎርሳል? የተዋጠ ነገር ይግባኝ የለውም።»

እንዲህ የሚያንገበግባት ምን እንደሆነ ጠይቄያት ነበር። ልጅ ሞቶባት ይሆናል፣ ወንድም ሞቶባት ይሆናል ብዬ ነው። «ሰው ሳይታመም እንዲኖር ለመፈለግ ምክንያት ያስፈልጋል እንዴ?» አለችኝ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ወሩ ግንቦት ነበር። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ገበሬው ማረስ ጀምሯል። እኔና ዘሀራ ከከተማው ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬድ ቀበሌ መፀዳጃ ቤት ልንቆጥር ሄድን። ቀበሌው የእናቴ አገር ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አያ ይግዛው፣ እዚያ ነው የሚኖሩት። ኮሌጅ እስክገባ ቀለብ የሰፈሩልኝ፣ ደብተር የገዙልኝ እሳቸው ናቸው።

እቤታቸው ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ባሕር ዛፉ ሥር ቅጠል ተነጥፎ ሥጋ በየመደቡ ተከምሯል። አያ ይግዛው አንገታቸውን ደፍተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጠዋት ሲያርሱ ዳለቻው በሬያቸው ድንገት ተንገዳግዶ ወድቆባቸው ኖሯል። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ደርሶ «በስመ አብ» ተብሎ ታርዷል። ጎረቤቱ ሁሉ ቅርጫ ሊገባ መጥቷል። በእኛ አገር በሬ የወደቀበትን ሰው ሥጋውን ተካፍለው ነው የሚያነሡት፤ ካልተካፈሉለት ክረምቱን ጦሙን ያድራል። እምቢ ማለት ሰውዬውን መጣል ነው። እዚያ ቆሞ የነበረው ሰው ሁሉ ለበጎ ነገር ነበር የመጣው።

ዘሀራ ሥጋውን አላየችም። ቀጥታ የታረደበት ቦታ ሄደች። ደሙ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ፣ ከታረደ ያን ያህል ቆይቶ ገና ሳይረጋ ይንጣለላል። ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች።

«አያ ይግዛው፣ በሬው ሲወድቅ ካፍንጫው ደም ወጥቶት ነበር?»

«ወጥቶት ነበር። ምን አለበት?»

«ይሄ አባ ሰንጋ ነው። ከብቱን ይገድላል፣ ሰውንም ይገድላል። ማንም በእጁ እንዳይነካው። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ኖራ ነስንሰን፣ ከነቆዳው እንቅበረው።»

አንዱ ጎልማሳ ሳቅ አለና «አንቺ ድሮስ የክርስቲያን ሥጋ መች ትበዪና ነው?» አላት። ሌላውም ተከተለ። «ሃይማኖቷ ነው እንጂ ሥጋውማ ምን ሆነ!» ሰው ሳቀ። የተሳቀው በክፋት አልነበረም፤ ከጭንቅ መውጫ ቀዳዳ የተገኘ መስሏቸው ነው።

ዘሀራ አልተቆጣችም። ስትረጋጋ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እውነት ነው፣ አልበላም» አለች። «እናንተም የኔን አትበሉም። በሬው ግን ሃይማኖት የለውም፤ በሽታውም የለውም። የኔን አፍ ካላመናችሁ የራሳችሁን ቄስ ጥሩልኝ።»

ቄስ አዳሙ ቤታቸው ቅርብ ነው፤ መጡ። ቅኔ አዋቂ፣ ነገር የሚያዳምጡ ሽማግሌ ነበሩ። የሁለቱንም ወገን ጸጥ ብለው ሰሙ።

«በሕይወቱ ሳለ ነው የታረደ?»

«አዎ፣ አባ» አሉ አጎቴ።

«እንግዲያ በክት አይደለም።»

«አባ፣ በክት ነው አላልኩም» አለች ዘሀራ። «የታመመ ነው ነው ያልኩት። ቢቀቅሉትም አላምነውም። የገፈፉት ሰዎች እጅ ላይ ሳይቀር አለ።»

ቄስ አዳሙ ጢማቸውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ፊታቸውን ወደኔ መለሱ። «አንተ የኛው ልጅ ነህ። ተምረሃል፣ አብረሃት ትሠራለህ። እስቲ ንገረኝ፣ የምትለው እውነት ነው?»

ሰው ሁሉ አየኝ። ዘሀራም አየችኝ፤ በፊቷ ላይ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። አውቅ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ስለዚሁ በሽታ ሥልጠና ስትሰጠን ያልረጋ ጥቁር ደም በፎቶ አሳይታናለች፤ ከፎቶው አንድ ነው። ግን አጎቴ ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ቀለቡም፣ ደብተሩም፣ ያልታረሰው ማሳም አለ።

«አባ» አልኩ፤ «ላቦራቶሪ ሳይታይ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም።»

ቃል በቃል ቢመረመር ሐሰት የለበትም። በዕድሜዬ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

«እንግዲያስ ጥሬውን ተዉት፤ አብስላችሁ ብሉ» አሉ ቄስ አዳሙ፤ ሰውም ተነፈሰ። ያን ጊዜ ዘሀራ አንዱን መደብ ሥጋ ከነቅጠሉ ጎትታ አፈር ላይ ገለበጠችው። ወደ ሁለተኛው ስትሄድ አንድ ሰው ገፈተራትና ወደቀች፤ ሻሿ ከራሷ ላይ ወለቀ። አጎቴ ብድግ ብለው «ሴት ናት! እንዳትነኳት!» ብለው ጮኹ። ተነሣች፤ ሻሿን አሠረች፤ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ወደኔ ዞር ሳትል ወደ ብቸና መንገድ ጀመረች። ተከተልኳት፤ ግን አልደረስኩባትም። የሁለት ሰዓቱን መንገድ ባንድ ሰዓት ሳትጨርሰው አልቀረችም።

ከመምሸቱ በፊት የእንስሳት ሐኪሙንና ካርቶን ሙሉ ኪኒን ይዛ ተመለሰች። ሐኪሙ የተረፈውን ሲያይ «እሱ ነው» ብሎ አንድ ጊዜ ብቻ ራሱን ነቀነቀ። ሥጋው ግን ተበልቷል፤ ኪኒኑንም ያን ማታ የዋጠላት ጥቂት ሰው ነው።

በሦስተኛው ቀን የአጎቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ብርቱካን፣ ሆዷን ይዛ ተኛች። ማታውን ደም አስመለሳት። ጎህ ሲቀድ በቃሬዛ ተሸክመናት ወደ ብቸና ስንገሰግስ ዘሀራ ከጎኗ እጇን ይዛ ትሮጥ ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ ስንደርስ «አውርዷት» አለች። አወረድናት። ከዚያ በኋላ መሮጥ አላስፈለገም።

በሬውን የገፈፉት ጎረቤት አንገታቸው አብጦ በሳምንቱ ሞቱ። አጎቴ ክንዳቸው ላይ መሀሉ እንደ ከሰል የጠቆረ ቁስል ወጥቶባቸው ዳኑ። ከበሉት ሌላ ሰው አልሞተም፤ ያም በዘሀራ ነው። ቀበሌው ውስጥ ሰንብታ ቤት ለቤት ዞረች። አንዳንዱ በሩን ዘጋባት፤ ከደጅ ቆማ እስኪከፈት ትጠብቃለች። ኪኒኑን ዓይኗ እያየ ካልዋጡ አትሄድም። ያ ገፍትሮ የጣላት ሰው እንኳ ከእጇ ተቀብሎ ዋጠ።

ምስጋና ግን አላገኘችም። በብርቱካን ቀብር ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆማ ሳለች አንዲት ሴት ድምፅዋን ሳትቀንስ «ሥጋውን ያየችበት ዓይኗ ነው የጨረሰን» ስትል ሰማሁ። በሳምንቱ ወሬው ብቸና ገባ። በሬውን ረግማው ነው ተባለ። መርዛው ነው ያለም ነበር። ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ሻጮች ዕቃቸውን በጆንያ ይሸፍኑ ጀመር። ያቺ የበርበሬዋ አሮጊት ብቻ ሳይሸፍኑ ቁጭ ብለው ይጠብቋት ነበር።

ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «በኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ምክንያት» ብዬ ጀመርኩት። ቄሱ እኔን መጠየቃቸውም፣ እኔ የመለስኩትም አልገባበትም። ዘሀራ እንድትፈርም ሰጠኋት። ቀስ ብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«የሆነው ይሄ ነው?» አለችኝ።

«አዎ።»

እስክሪብቶዬን ተቀብላ ፈረመች።

ወር ሳይሞላ ለራሷ ደኅንነት ተብሎ ወደ ሞጣ አዛወሯት። ያን ዕለት መናኸሪያ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት። የሞጣው አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ረዳቱ «ግንደወይን፣ ሞጣ!» እያለ ሲጣራ በመስኮት ጠራችኝ። «ስማኝ፣ ወንድሜ» አለች። «ሰው ሲጠይቅህ መጀመሪያ የምታውቀውን ተናገር። የማታውቀውን ኋላ ትደርስበታለህ።» ስለዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ነገር ተናግራኝ አታውቅም ማለት እችላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዓመታት በኋላ ሞጣ ልጠይቃት ሄጄ፣ ለምን እንደፈረመች ደፍሬ ጠየቅኳት። ጎመን እየከተፈች ነበር። «አንተን ከሥራ ቢያስወጡህ ብርቱካን ትነሣለች?» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

ሞጣ ተቀበላት። ሴቶቹ በርበሬያቸውን ሳያስፈጩ በፊት እሷ ዘንድ አምጥተው ያስመረምሩ ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቤቷ ተነሥታ በከተማው ዳርቻ ስትራመድ ሁለት ሦስት መምህራን ከኋላዋ ይከተሏታል፤ እየሮጡ ማለት ነው። ድምፅዋ ለዝቦ ነበር። ሰው ስታርም ወደ ጥግ ወስዳ በሹክሹክታ ነው። ያንን ሳይ ደስ አላለኝም፤ የሆነ ነገር ከውስጧ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ጡቷ ላይ ያለውን ዕጢ ራሷ ነች ያገኘችው። በየወሩ ራሷን የምትዳስስ ሴት ስለሆነች ገና ሽንብራ ሳያህል ነው የደረሰችበት። ሐኪሞቹ ባሕር ዳር ሪፈር ጻፉላት። ያኔ ግን መንገዱ በተኩስ አንድ ቀን ተከፍቶ አሥር ቀን የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ተመለሰች። ሦስተኛው ተሳካላት፤ ባሕር ዳር ስትደርስ ግን ሽንብራው ሌላ ቦታ ዘልቋል አሏት። ወደ ሞጣ ተመለሰች። መስመር ባገኘሁ ቁጥር እደውልላት ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ድምፅዋ ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ «ሁሉን ነገር በጊዜው አደረግኩ» አለችኝ። «ጊዜው ነው እንጂ በጊዜው ያልሆነ።» ከዚያ በኋላ መስመሩ ጠፋ።

መልእክቱን ባነበብኩ ማግስት ሞጣ መሄድ አማረኝ፤ መንገዱ ግን አሁንም ዝግ ነው። ለቅሶ የምደርስበት ቤት አጣሁ። እግሬ ወደ አጎቴ ቀበሌ ወሰደኝ።

አያ ይግዛው ማሳ ወርደዋል። ባለቤታቸው እትዬ የውብዳር ብቻቸውን ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ሰላም ብያቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሲስተር ዘሀራ ሞተች» አልኳቸው።

ሰፌዱን አስቀመጡት። «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። እንዲህ ያለቅሱላታል ብዬ ስላልጠበቅኩ ደነገጥኩ።

«ከዚያ ወዲህ ትገናኙ ነበር እንዴ?»

«መንገዱ ሳይዘጋ በየዓመቱ በልጄ ሙት ዓመት ትመጣ ነበር እኮ። እቤት አትገባም፤ እዚችው፣ አንተ የተቀመጥክባት ላይ ተቀምጣ ውኃዋን ጠጥታ ትሄዳለች። ላንተ አልነገረችህም?»

አልነገረችኝም። ብቸና ድረስ መጥታ ለኔ ሳትደውል ትመለስ ነበር። እዚያ ተቀምጬ፣ ለማንም ሳልናገረው የኖርኩት ነገር ካፌ ወጣ።

«እትዬ፣ የዚያን ቀን ቄስ አዳሙ ሲጠይቁኝ በሽታው ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ዘሀራ እውነቷን እንደሆነ አውቄ ነው የካድኳት። አያ ይግዛውን ፈርቼ ነው።»

እትዬ የውብዳር ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«አውቃለሁ» አሉ።

«እንዴት?»

«ኋላ ነው የገባኝ። ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ለብርቱካን ጉበት ቆርጬ ሰጥቻት፣ ሴትዮዋ ስትናገር ብሰማ ፈራሁና ከእጇ ነጠቅኳት። እያለቀሰች ቀሚሴን ትጎትታለች። አባ አንተን ሲጠይቁህ ጆሮዬን ጣልኩ። የኛ ልጅ ነው፣ ቢያውቅ ይነግረናል አልኩ። አንተ እንደዚያ ስትል ሰማሁና መልሼ አጎረስኳት።»

«ለምን እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ ቆዩ?»

«ለሲስተር ነግሬያታለሁ፤ በመጀመሪያው ሙት ዓመት። እጄን ይዛ አለቀሰች። 'እኔ እያለሁ ለሱ እንዳይነግሩት፣ አይችለውም' ብላ አስማለችኝ።»

ሰፌዱን ወደ ጭናቸው መለሱ።

«እንግዲህ ሞተች አልከኝ» አሉና ምስራቸውን መልቀም ጀመሩ።